የተቀመጠ አይቆጠርም

ታናሽ እህቴን ተማሪዎቿ «ሞተር» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት አንድ ተንኮለኛ ልጅ ነው። ከተማሪው ወደ መምህራኑ፣ ከመምህራኑ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ እኛው ቤት ገባና በመጨረሻ እናታችን ሳትቀር «ሞተር ዛሬ አልመጣችም እንዴ?» ማለት ጀመረች። ያላግባብ የወጣ ስም አልነበረም። በልጅነቷ ዳቦ ግዢ ተብላ ስትላክ ምራቅ ሳይደርቅ ትመለሳለች፤ ዳቦውን እዚያው ባንኮኒ ላይ ረስታው ግን እንደገና የምትሮጥበት ቀን ይበዛል። መጀመሪያ ትሮጣለች፤ ለምን እንደሮጠች የምታስበው ከደረሰች በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ለምን እንደምሄድ ሳስብ ሳልሄድ የቀረሁ ሰው ነኝ። አንዲት እናት እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች መውለዷ፣ ተፈጥሮ ቀልድ እንደምታውቅ ካሳመኑኝ ነገሮች አንዱ ነው።

የስፖርት መምህርት ሆነች። ሌላ ምን ልትሆን! የምታስተምርበት አዳራሽ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ የላስቲክ፣ የላብና የእርጥብ ፍራሽ ሽታ ክረምት ከበጋ አይለቀውም። ከጣሪያው መሐል አንድ ወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል። ስም እየጠራች ተማሪ ተቆጣጥራ አታውቅም። «ቁም!» ትላለች፤ ሁሉም ይነሳል። ከዚያ በሰልፉ መካከል እያለፈች ትከሻ እየነካች ትቆጥራለች። እሷ ሳትደርስበት ደክሞት ቁጭ ያለ ልጅ እንደቀረ ነው የሚታሰበው። «እዚሁ ነበርኩ እኮ፣ ቲቸር!» ቢላት ወይ ፍንክች። «የተቀመጠ አይቆጠርም» ብላ ታልፈዋለች። አንድ ጊዜ፣ የሰው ልጅ በክብሩ እንጂ በቁጥር እንደማይታወቅ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «አንተ አርባ ልጅ በአንድ ገመድ አዝልለህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ክርክሩ እዚያው ላይ ተዘጋ።

ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው ደም ሰጧት፤ ተረፈች። ያ ደም ከማን እንደተቀዳ፣ ተመርምሮ ይሁን ሳይመረመር፣ በዚያ ሰዓት ማን ይጠይቃል? «እሰይ» ተባለ፣ ተረሳ። መታወስ የጀመረው ልጇ ጢም ካወጣ በኋላ ነው። ሞተሩ አልነሳ ይል ጀመር። ደረጃ ላይ መሐል ደርሳ ትቆማለች። ተማሪዎቿ አዳራሹን ሲዞሩ እሷ ኳስ ላይ ተቀምጣ በእጇ ታዛቸዋለች። እርጅና ነው አልናት፤ እየተናደደችም ቢሆን ተቀበለች። ኋላ አንድ የሒሳብ መምህር ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ደም ያስፈልጋል ሲባል፣ ከባልደረቦቹ ሁሉ ቀድማ እጅጌዋን ሰብስባ ተሰለፈች። በማግስቱ የላቦራቶሪው ባለሙያ ወደ ጥግ ጠራት።

«ያንቺን ደም አንወስደውም» አላት። ጉበቷን የሚበላ ቫይረስ አለባት፤ ለብዙ ዓመት አብሯት ኖሯል። «ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል?» አለ። ስትነግረው ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና፣ ግድግዳው እንዳይሰማው በሚመስል ድምፅ፣ «በዚያ ዘመን ሳይመረመርም ይሰጥ ነበር» አላት።

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰላስያለሁ። ያዳናትና የጎዳት አንድ ጠርሙስ ደም ነው። ምስጋናውን ለአንዱ፣ ክሱን ለሌላው አድርገህ የምትከፍለው ነገር አይደለም፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ በር ነው። አንድን ሰው «አዳነኝም፣ በደለኝም» ለማለት ምን ዓይነት ልብ ያስፈልጋል? እኔ በዚህ ስብሰለሰል እሷ ሌላ ጦርነት ላይ ነበረች። ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ፣ በመምህራን ክፍል የእሷ ስኒ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘችው። በማግስቱ ማልዳ ገብታ በክፍሉ ባሉት ስኒዎች ሁሉ ላይ፣ የርዕሰ መምህሩን ጨምሮ፣ ተመሳሳይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈችና ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ሰዎቹ ሻይ ሳይጠጡ ዋሉ። «እኔ የራሴን ጠጣሁ» አለችኝ፣ እየሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በጉበት ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ፣ ጀርባ በሚያሳምም የእንጨት አግዳሚ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ እንደሷ ያሉ ሰዎች ተዋወቁ። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪና ገጭቶት በተሰጠው ደም የተያዘ፣ ሲናገር እንኳ ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ሰው አፉን ሰብሰብ የሚያደርግ ጭምት። «ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ» ይላታል ሁልጊዜ። «አንተ ነህ የነቀዝከው!» ትለዋለች እሷ። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ማኅበር መሠረቱ። ስሙን «የወረፋ ማኅበር» አሉት፤ ያገናኛቸው እሱ ነዋ። በየቢሮው ደጅ ጠኑ፤ በየስብሰባው እጅ አወጡ። ስንት ዓመት እንደፈጀ አላወራም፤ ብቻ በመጨረሻ፣ በሕክምና ምክንያት ለተያዙ ሰዎች ካሳ የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገባ።

ረቂቁ መልካም ነበር፤ አንድ አንቀጽ እስኪደረስ ድረስ። አንቀጹ፣ ካሳ የሚጠይቅ ሰው በሽታው ከሐኪም ቤት እንደያዘው ራሱ ያረጋግጥ ይላል። በምን ያረጋግጣል? ጠርሙሱ ተጥሏል፣ ሐኪሙ ጡረታ ወጥቷል፣ አሮጌው ሆስፒታል ፈርሶ በቦታው የመኪና ማቆሚያ ተሠርቷል። አንቀጹ እንዲህ ካለፈ ማኅበሩ ውስጥ ካሉት አንድም ሰው አይተርፍም። ስለዚህ አንዲት የቀድሞ አዋላጅ፣ አሁን የሕዝብ ተወካይ፣ ማሻሻያ አቀረበች፤ ደም ተሰጥቶት ይህ ቫይረስ የተገኘበት ሰው በሕክምናው እንደተያዘ ይቆጠር፤ አይደለም የሚል ካለ መንግሥት ያስተባብል። በሕግ ቋንቋ የማስረዳት ሸክሙ ከታማሚው ትከሻ ወደ መንግሥት ትከሻ ይዛወር ማለት ነው። የእህቴና የጓደኞቿ ነገር ሁሉ በዚህች ማሻሻያ ላይ ተንጠለጠለ።

በክርክሩ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ራሱ የሰፋውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ በር ላይ ጠበቀን።

«ሙሽራ መሰልክ» አለችው።

«ለመሞትም ለመዳርም የሚሆን ነው፣ እትዬ። እንደ ውጤቱ።»

በእንግዶች ሰገነት ላይ ያስቀመጠን የጥበቃ ሠራተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሰው፣ ሥርዓቱን ነገረን። ማጨብጨብ የለም፤ መነጋገር የለም፤ መቆም የለም። «ከዚህ ወንበር የሚነሳ ወደ በሩ የሚሄድ ብቻ ነው» አለ። ወንበሮቹ፣ ከላይም ከታችም፣ እንደ ሲኒማ ቤት የሚታጠፉ ናቸው፤ ሰው ሲነሳ ከኋላ መደገፊያቸው ጋር ተላትመው ጧ! ይላሉ። እህቴ ገና ቁጭ ከማለቷ ወደ ፊት ተንጠራራች። በዓይኗ ታች ያሉትን ወንበሮች ታስሳለች።

«ጋሼ! ያ ኤሊ አይደለም? በግራ በኩል፣ አራተኛው መስመር!»

«የቱ ኤሊ?»

«ተማሪዬ የነበረው! ገመድ ላይ ወጥቶ መውረድ ፈርቶ አልቅሶብኝ መሰላል ያስመጣሁለት። አቤት፣ ተወካይ ሆነ? ምነው አንገቱን ደፋ?»

ሰውየው ወረቀቱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። የተቀመጠው ማሻሻያውን ከሚቃወሙት ጋር ነበር።

ክርክሩ ተከፈተ። ለወትሮው ፓርላማ የሚያንቀላፋበት ቦታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን አየሩ እንደተወጠረ ክራር ነበር፤ የነካው ሁሉ ይጮሃል። አዋላጇ ተነስታ፣ «ሰመመን ውስጥ ያለች ወላድ፣ የትኛው ጠርሙስ እንደተሰቀለላት ትመስክር ነው የምንለው?» ብላ ስትጠይቅ በቀኝ የተቀመጠው ደጋፊው ወገን ጠረጴዛ ደበደበ። የተቃዋሚዎቹ መሪ ጠበቃ ነው፤ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል ገበያ ላይ እንደሚመርጥ ሰው አገላብጦ ያያል።

«ኀዘናቸው ኀዘናችን ነው» አለ። «ነገር ግን ሕግ በእንባ አይጻፍም። ከምላጭ ይሁን፣ ከንቅሳት ይሁን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ከሌላም ነገር ይሁን፣ ከየት እንደያዛቸው በምን እናውቃለን?»

«‹ሌላ ነገር› አለ!» ክንዴን ቆነጠጠችው። «ጋሼ፣ ሰማኸው? ‹ሌላ ነገር›!»

«ዝም በይ! እንዳያስወጡን።»

ከቀኙ ወገን አንድ ሽማግሌ ተወካይ፣ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ በመከራ ተነሳ። «እኔ ገበሬ ነኝ። ላሜን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ እግሯ ተሰብሮ ብትመለስልኝ፣ የት እንደተሰበረች አስረዳ የምባለው እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ጠበቃው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። «ላሟ ከቤትዎ ስትወጣ ደህና እንደነበረች ማን አየ፣ አባቴ?» አለ፤ ግራው ወገን በሳቅ ፈረሰ።

እውነቱን ለመናገር የጠበቃው ጥያቄ ባዶ አልነበረም። እንደ እኔ ሎጂክ በማስተማር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ደካማ ክርክር ከጠንካራው በድምፅ ብቻ እንደማይለይ ያውቃል። ሰው ያልታየ ነገርን በምን ያውቃል? ግን ደግሞ አለማወቅ ራሱ ሸክም ነው፤ ሸክም ደግሞ አየር ላይ አይንሳፈፍም፣ የሆነ ትከሻ ላይ ያርፋል። ጥያቄው «ማን ያውቃል?» አይደለም፣ «ያለማወቁን ዋጋ ማን ይክፈል?» ነው። ይህን ለእህቴ ላንሾካሹክላት አሰብኩ። ፊቷን አየሁና ተውኩት፤ እሷ ታች ያሉትን እንደ ግጥሚያ ዳኛ እያየች አፏን ታላውሳለች። ልብስ ሰፊው የኮቱን ቁልፍ ሲፈታ ሲቆልፍ አንዱን ነቅሎ እጁ ላይ አስቀረው።

አፈ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥ አለ። መጀመሪያ በቃል ነበር። «የሚደግፉ!» ሲል «አዎ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ «የሚቃወሙ!» ሲል «የለም!» የሚለው ከዚያ ያላነሰ ሆነ። አፈ ጉባኤው ግራ ቀኙን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አልለየም። ይቆጠራል።»

የዚያ ምክር ቤት የቆጠራ ደንብ ጥንታዊ ነው። የሚደግፉ ይነሳሉ፤ ሁለት ቆጣሪዎች በመስመሮቹ መካከል በቀስታ እያለፉ የቆመውን ሰው ጠረጴዛ በእርሳስ ነካ እያደረጉ ይቆጥራሉ። ቆጣሪው ሲያልፍ ያልቆመ አልደገፈም። ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያሉ ወንበሮቹ ተላተሙ፤ የቀኙ ወገን ተነሳ። ከግራም አንድ ሁለት ሰው ተነሳ። ሽማግሌው ገበሬ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። ቆጣሪው ከእሱ ሦስት መስመር ርቆ ይንቀራፈፋል። ሽማግሌው ፊቱ ተጨማደደ፤ ጉልበቱን ያዘ፤ አንዴ ተነስቻለሁ፣ ይበቃል ያለ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

«ተቀመጠ!» አለች እህቴ። «ጋሼ፣ ሳይቆጠር ተቀመጠ!»

«ይነግሩታል፣ ተይ...»

ማን ይነግረዋል! ከጎኑ ያሉት ሁሉ ዓይናቸው ጠበቃው ላይ ነበር። ቆጣሪው አንድ መስመር አለፈ። ሁለተኛውን ጀመረ። ክንዷን ለመያዝ እጄን ስዘረጋ የያዝኩት አየር ሆነ። የእህቴ ወንበር ጧ! አለ።

«ቁም! አልተቆጠርክም! ቁም!»

ያ ድምፅ ከጉበቷ አልወጣም፤ በሽታው ያልደረሰበት ቦታ ተደብቆ የኖረ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያሉ አርባ ልጆችን ቀጥ የሚያደርግ ድምፅ በዚያ ከእንጨትና ከድንጋይ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተጋባ፣ አፈ ጉባኤው እንኳ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሽማግሌው ደንግጦ ወደ ላይ አየ። በዚያች ቅጽበት በግራ በኩል፣ ከተቃዋሚዎቹ መሐል፣ አራተኛው መስመር ላይ፣ አንድ ወንበር ጧ! ብሎ ተላተመ። ኤሊ ተነስቶ ቆሟል። እጆቹ ከጎኖቹ ተጣብቀዋል፣ ደረቱ ተነፍቷል፣ ተረከዙ ገጥሟል።

አዳራሹ ፈነዳ። የሚስቀው ይስቃል፣ የሚጮኸው ይጮኻል። ጠበቃው «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ከሰገነት ትእዛዝ ተሰጥቷል!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። የኤሊ ጎረቤት ኮቱን ይዞ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ኤሊ ግን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ እያየ፣ እንደተተከለ ቀርቷል። አፈ ጉባኤው በመዶሻው ጸጥታ አስከበረ።

«ቆጠራው ተሰርዟል። ሰገነቱ ይለቀቅ! እንደገና ይቆጠራል።»

ተገፈተርን። ጥበቃው እህቴን በክንዷ ይዞ እያወጣ «ምን ነካዎት፣ እናቴ? ምን ነካዎት?» ይላል። ልብስ ሰፊው ከእጁ ያመለጠውን የኮቱን ቁልፍ ከወንበር ሥር ለማንሳት ሲያጎነብስ በትከሻው ተገፍቶ እንደ ቅጠል ተንከባለለ። ትልቁ በር በኋላችን ተዘጋ።

ኮሪደሩ ቀዝቃዛ ነበር። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ገደልሽን፣ እትዬ!» አለ ልብስ ሰፊው። በሕይወቱ ሲጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ስንት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንተን! ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? አሁን ተናደው የሚደግፈውም ይቃወማል! ገደልሽን!»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለች፣ በጣቶቿ መካከል። «አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ። ሽማግሌው ሲቀመጥ... እኔ ምን ላድርግ?»

«መቀመጥ! እንደሱ መቀመጥ!»

ላጽናናት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው እውነቱን ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር በገዛ ጩኸቱ ሊያባርረው ይችላል። ያን ጊዜ ከበሩ ውስጥ ድምፅ መጣ። ጧ። ጧ ጧ። ጧ ጧ ጧ ጧ።

«እየተነሱ ነው» አለ ጥበቃው። ሳያስበው ነው ያመለጠው። ወዲያው ቆጣ ብሎ «ከበሩ ወደ ኋላ!» አለን። ማንም አልሰማውም። ሦስታችንም ጆሯችንን በሩ ላይ ለጠፍን። ጥቂት ቆይቶ እሱም ከበላያችን ጎንበስ ብሎ ለጠፈ።

«ይሄ ድጋፉ ነው» አለ። «መጀመሪያ የሚጠራው ድጋፍ ነው።»

«ብዙ ነው?»

«እንጃ። ዝም በሉ እስቲ።»

ወንበሮቹ ጸጥ አሉ። የቆጣሪዎቹ ኮቴ፣ ወይም ኮቴ ነው ያልነው የራሳችን የልብ ምት፣ ተሰማ። ከዚያ፣ ሁሉም ተነስቶ ካበቃ በኋላ፣ ለብቻው አንድ ጧ! መጣ። እህቴ አየችኝ። አየኋት።

ሲቀመጡ ሌላ ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ሲርመሰመሱ፣ ሲያስሉ። ከዚያ እንደገና ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ በረታ፣ ቀረበ፣ በሩን አንቀጠቀጠው።

«የነሱ በዛ!» አለ ልብስ ሰፊው። «አለቀልን፣ የነሱ በዛ!»

«አልበዛም!» አለች እህቴ። «ግራዎቹ እኮ የተቀመጡት በሩ ሥር ነው። ቅርብ ስለሆነ ነው የሚጮኸው!»

«እውነቷን ነው» አለ ጥበቃው። «ቅርብ ናቸው።»

«በዛ እላለሁ!»

«አልበዛም አልኩህ፣ አንተ ሟርተኛ!»

እንደ ሕፃን ይገፋፋሉ፤ እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የፍልስፍና መምህር፣ በመሐላቸው ተጨፍልቄ አንድ ጆሮዬ የበሩ ቀዝቃዛ የናስ ጌጥ ላይ ተጣብቆ፣ ዓለም በሙሉ በዚያ እንጨት ውፍረት ላይ እንደቆመች ይሰማኛል። ያነበብኩት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ አንድ ቃል አልነበረውም። ልብ ግን ነበረኝ፤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ደስ ይል ነበር። ፍርሃት በዚህ ዕድሜ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

በሩ ተበርግዶ ሁላችንንም ወደ ኋላ ጣለን። አንዲት ጋዜጠኛ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ደቅና እየሮጠች ወጣች።

«አለፈ! ማሻሻያው አለፈ! በጥቂት ድምፅ ልዩነት፣ አዎ፣ በጣም በጥቂት!»

ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እህቴ ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች አላስታውስም፣ ቃል አልነበረም። ጥበቃውን አቀፈችው። ጥበቃው «ጸጥታ... እናቴ፣ ጸጥታ እንጂ...» ይላል፤ ጥርሱ ግን እስከ ጆሮው ተገልጧል። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ፣

«ወዲያ! ገደልሽን ስትል አልነበረም?»

«ገድለሽኝ ነበር እኮ። አሁን ነው የተነሳሁት» አለና እያለቀሰ ሳቀ።

ተወካዮቹ መውጣት ጀመሩ። ሽማግሌው ገበሬ በከዘራው እያነከሰ ሲያልፍ እህቴ ሮጣ ጎንበስ አለችለት። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ፣ አንተ ብዬ ጮህኩብዎ።» «ሚስቴም እንደዚሁ ናት» አላት፣ ሳይቆም። ከሁሉ በኋላ ኤሊ ብቻውን ወጣ። ሊያመልጠን ፈልጎ ነበር፤ ግን ኮሪደሩ አንድ ብቻ ነው።

«አንተ ኤሊ!»

«አቤት፣ ቲቸር።» ተወካዩ ቆመ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። «ጓደኞቼ ሊበሉኝ ነው። ጠበቃው ሰላምታ ነሳኝ።»

«ለምን ተነሳህ?»

«በመጀመሪያው ቆጠራ ለምን እንደተነሳሁ እግሬን ጠይቂው። ስትጮሂ እሱ ነው የሰማሽ፤ እኔ ከእሱ በኋላ ነው የደረስኩት።»

«በሁለተኛውስ?»

ክራቫቱን አላላ። «ጠዋት ስትገቢ አይቼሻለሁ» አለ። «ከታማሚዎቹ አንዷ መሆንሽን አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀና ላለማለት ታገልኩ። ቀና ካላልኩ ክርክሩ ስለ አንቀጽ ነው፤ አንቀጽ ደግሞ ፊት የለውም። ስቆም ግን ቀና አልኩ። እናንተን ሲያስወጧችሁ፣ ያ ሰውዬ ምን እንደሆነ እንጃ ከመሬት ሊያነሳ ሲል ሲገፉት አየሁ። ከዚያ በኋላ አንገቴን መልሼ ልደፋ ብል እምቢ አለኝ። ሁለተኛው ቆጠራ ላይ... ቆየሁ። ብዙ ቆየሁ። ቆጣሪው መስመሬ ላይ ሲደርስ ተነሳሁ።»

«ሰምተንሃል» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጀርባውን በመዳፏ መታ አደረገችው። «ትከሻህን ግን አሁንም ታጎብጣለህ።»

ከጥበቃው ቢሮ አንድ ውሳኔ ተነገረን፤ እህቴ የዚህ ጉባኤ ዘመን እስኪያልቅ ድረስ ሰገነቱን እንዳትረግጥ ተከለከለች። ማሻሻያው ቢያልፍም ረቂቁ በሙሉ ገና በመጪው ሳምንት ድምፅ ይሰጥበታል፤ እሷ አትገኝም ማለት ነው። የምታዝን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ደረጃውን ሳንጨርስ ልብስ ሰፊውን አሰልጣኝ እንደያዘው ጀማሪ ትይዘው ጀመር።

«አንተ ትገባለህ።»

«እኔ? ብቻዬን?»

«ሽማግሌው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። በዓይኑ እንዲያይህ ብቻ። አፍህን አትከፍትም።»

«እኔ መቼ አፌን ከፍቼ አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«ዛሬ ከፍተሃል። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እየተሟገቱ ሄዱ። እኔ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ስለ ኤሊ አስብ ነበር። አንድ ሰው በልማድ ተነስቶ፣ በዚያው ልማድ ምክንያት ዓይኑ ተከፍቶ፣ ኋላ አስቦ ቢነሳ፣ ሁለተኛው ድርጊት ነፃ ነው ወይስ የመጀመሪያው ጅራት? ስደርስባቸው ለእህቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችበት፤ በእውነት አሰበችበት፣ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ጋሼ፣ በሁለተኛው ቆጠራ ላይ እኔ ውጪ ነበርኩ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን ጮኸበት?»

«ማንም።»

«እህስ!» አለችና፣ አውቶቡሱ ብቅ ሲል ልብስ ሰፊውን በእጅጌው ጎተተችውና ከእኔ ቀድመው ሮጡ።